ክሩገር ፓርክን በራስ መኪና ለመጎብኘት፦ ከተሞክሮዬ

«ሳፋሪ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አስተሳሰብ በእኛ ሰው ዘንድ አሁንም አለ። ጆሃንስበርግ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ሱቅ የከፈተ፣ ልጆች ያሳደገ፣ ግን ትልቁን የደቡብ አፍሪካ የዱር እንስሳት ፓርክ ክሩገርን አንድ ቀን ያልረገጠ ሰው ስንት አለ! ለምን ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ ውድ ነው። እውነቱን ለመናገር ውድ የሆነው ዓይነት አለ። በፓርኩ ምዕራባዊ ዳር ያሉት የግል ሎጆች ለአንድ ሌሊት የሚጠይቁት ገንዘብ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ግን ከዚያው አጠገብ ሳንፓርክስ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ትልቁ ፓርክ አለ። እዚያ በራሳችሁ መኪና ትገባላችሁ። ጎጆ ትከራያላችሁ። የራሳችሁን ሽሮ ሠርታችሁ ትበላላችሁ። አንበሳውም ዝሆኑም ያው ነው።

እኔና ቤተሰቤ የምንሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣም ይዤ የምሄደው እዚያው ነው። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ስፋቱን ተረዱት። ክሩገር ወደ 19,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከደቡብ ጫፉ እስከ ሰሜን ጫፉ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጠጠር መንገዱ ደግሞ 40። ይህ ከፍተኛው ነው። እንስሳ እያያችሁ ከሆነ ከ25 በላይ አትሄዱም። ስለዚህ ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ካምፕ ግማሽ ቀን ሊፈጅባችሁ ይችላል። ብዙ ሰው ሁሉንም ልይ ብሎ በየቀኑ ካምፕ ይቀያይራል። በኋላ የሚያስታውሰው መሪ ይዞ መዋሉን ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ደቡቡና መሃሉ ይበቃችኋል። አንድ ሁለት ሌሊት ሎወር ሳቢ ወይም ስኩኩዛ ካምፕ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ሌሊት ሳታራ ካምፕ። ሰሜኑም የራሱ ውበት አለው። ኦሊፋንትስ ካምፕ ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ወንዙን ቁልቁል ያያል፤ እዚያ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ብቻውን ይበቃል። ግን እሱ ለሌላ ጊዜ ይሁን።

ወቅቱ ላይ ለእኛ የሚመች አጋጣሚ አለ። በደቡቡ የዓለም ክፍል ክረምቱ ደረቅ ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሣሩ ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ትንንሽ ኩሬዎች ይጠፋሉ። እንስሳቱ ወደ ቀሩት ወንዞችና ግድቦች ይሰበሰባሉ። ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ይህ ደግሞ አገር ቤት ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ከሐምሌና ነሐሴ ጋር ይገጥማል። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚመች ነው። የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶችም በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ስለሚዘጉ ግን የካምፕ ቦታ ይጣበባል። ነሐሴ ይሻላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ብርዱ። «አፍሪካ፣ ቆላ፣ ሳፋሪ» ብሎ በቲሸርት የመጣ እንግዳ በሐምሌ ማለዳ ይንቀጠቀጣል። ቀን ላይ ፀሐይ ደስ ይላል፤ ጎህ ሲቀድ ግን ጃኬት፣ ኮፍያና ካልሲ ያስፈልጋል። በክፍት መኪና ለሚወጣ ሰው ጋቢ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ጋቢዋን ይዛ ስትመጣ አብረውን የተሳፈሩት ሰዎች ሁሉ በቅናት ነበር የሚያዩዋት።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው የዝናብ ወራት መጥፎ አይደለም። አገሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሚዳቋ መሰሎቹ ኢምፓላዎች ይወልዳሉ፣ ከሩቅ የሚሰደዱ ወፎች ይመጣሉ። ወፍ የሚወድ ሰው እንዲያውም ይህን ይመርጣል። ግን ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ሣሩ ረጅም ነው፣ ወባውም ያኔ ይበረታል።

ወባን ቀለል አድርጋችሁ አትዩ። ክሩገር የወባ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ወይም ጆሃንስበርግ የሚኖር ሰው ወባ በሌለበት ከፍታ ላይ ስለሚኖር ሰውነቱ በሽታውን አይለምደውም። በደረቁ ወራት አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ መከላከያው ክኒን ፓርኩ ከመግባታችሁ አስቀድሞ የሚጀመር ነው። ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ወባ ያለበት ቦታ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሁለት ወረቀት ወሳኝ ነው። አንዱ ቪዛ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለደቡብ አፍሪካ ቪዛ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ መጀመር ነው። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ይህን ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።

ስለ ገንዘቡ። ፓርኩ የሚያስከፍለው በሰውና በቀን ነው። ዋጋው ሦስት ደረጃ አለው፤ የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ላለው፣ ለደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበር አገሮች ዜጎች፣ ከዚያ ለሌላው ዓለም። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበር አባል ስላልሆነች ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ የሚከፍለው በሦስተኛው ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ500 ራንድ በላይ ነው፤ ለልጅ ግማሽ ገደማ። ታሪፉ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኅዳር ወር ይቀየራል። ቀናችሁ ብዙ ከሆነ «ዋይልድ ካርድ» የሚባለውን የዓመት ካርድ አስሉት። ለቤተሰብ ሲገዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳል። መታወቂያ ያለው የቤተሰቡ አባል መታወቂያውን ቤት እንዳይረሳ፤ በሩ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ካምፖቹ ቶሎ ይሞላሉ። ቦታ መያዝ የሚቻለው ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ሎወር ሳቢ ወንዙን የሚያዩት ጎጆዎች ወዲያው ያልቃሉ። ከዘገያችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ሰው ስለሚሰርዝ ድረ ገጹን ጠዋትና ማታ መጎብኘት ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ጎጆ የምናገኘው እንደዚያ ነው።

መኪናው የግድ ዳገት ወጪ መሆን የለበትም። ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው፣ ጠጠሩም በደረቁ ወራት ለትንሽ መኪና ይመቻል። ከፍ ያለ መቀመጫ ካለው ጥሩ ነው፤ ሣሩን አሻግሮ ለማየት ይረዳል። ከጆሃንስበርግ ኤን 4 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ በምቦምቤላ በኩል፣ ሰው አሁንም ኔልስፕሩት ይላታል፣ ማለላኔ በር ድረስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ነው። በመንገዱ ላይ የክፍያ ኬላዎች ስላሉ ገንዘብ ወይም ካርድ አዘጋጁ። ከኢትዮጵያ መጥቶ የሚነዳ ሰው ልብ ይበል፤ እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። አደባባይና መታጠፊያ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቀኝ ወንበር ላይ ሆናችሁ እጃችሁ ፍሬቻ ፍለጋ ሲሄድ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ከተማ ውስጥ ትንሽ ተለማምዳችሁ ውጡ። በጨለማ አትጓዙ።

የፓርኩ ሰዓት ቀልድ አያውቅም። በሐምሌ የካምፕ በር የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የሚዘጋው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ የደረሰ ይቀጣል። ሰዓቱ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ስትገቡ የሚሰጣችሁን ወረቀት አንብቡት። ለመመለሻ ሁልጊዜ ትርፍ ሰዓት ያዙ። ዝሆን መንገድ ከዘጋባችሁ እስኪያልፍ መጠበቅ እንጂ ሌላ አማራጭ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንስሳ እንዴት ይታያል?

በሩ ሲከፈት ውጡ። የማለዳው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣሉ። አንበሶች ሌሊቱን ሲዞሩ አድረው በብርዱ ማለዳ ሞቅ ያለው አስፋልት ላይ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ይተኛሉ። ከረፋዱ ሦስትና አራት ሰዓት በኋላ ጥላ ፈልገው ይጠፋሉ። እናንተም ያን ጊዜ ቁርስ በሉ፣ ተኙ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደገና ውጡ።

ብዙ መንዳት ብዙ ማየት አይደለም። እኔ ለሰው ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው። ውሃ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ሞተር አጥፍታችሁ ተቀመጡ። ከሎወር ሳቢ ካምፕ አጠገብ ሰንሴት ዳም የሚባል ግድብ አለ። መኪናው ከውሃው ዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ነው የሚቆመው። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉማሬዎቹ እየተነፈሱ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ ሲገፋ ውሃው ሁሉ ይናወጣል። ከዚያ የሜዳ አህያው ይመጣል፣ ቀጭኔው ይመጣል። ቀጭኔ ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊት እግሮቹን በጣም አራርቆ ያንፈራጥጣል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ኮሽ ባለ ቁጥር ደንግጦ ቀና ይላል። ለመጠጣት ከመጎንበሱ በፊት ዙሪያውን ሲቃኝ ረጅም ጊዜ ይቆያል። እየነዳ የሚያልፍ ሰው ይህን አያየውም።

እንስሳቱ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ኢምፓላን በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል፤ በማግስቱ ብዛቱ ያሰለቻል። አትናቁት። አንድ መንጋ ኢምፓላ መጋጡን ትቶ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ፈጦ ከቆመ፣ በአፍንጫውም እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ ካሰማ፣ እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ። ቀጭኔም እንደዚያው ነው፤ ከፍታው ላይ ሆኖ አንበሳውን ከእናንተ በፊት ያየዋል። ጥንብ አንሳዎች ዛፍ ላይ ተደርድረው ካያችሁ ከሥራቸው ወይም ከአጠገባቸው ግዳይ ሊኖር ይችላል፤ ቆም በሉ።

ነብር የሚፈለገው ዛፍ ላይ ነው። ከስኩኩዛ ወደ ሎወር ሳቢ በወንዙ ዳር የሚሄደው መንገድ በዚህ የታወቀ ነው። በወንዙ ዳር ትልልቅ ሾላዎች አሉ፤ አዎ፣ የእኛው ሾላ። አግድም የተዘረጋ ወፍራም ቅርንጫፍ ባያችሁ ቁጥር ወደ ታች የተንጠለጠለ ጭራ ፈልጉ። መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ አካሉ ከቅጠሉ ጥላ ጋር ይመሳሰላል። የእህቴ ልጅ ናት አንዱን ያገኘችው። እኛ አዋቂዎቹ ሣሩን ስናስስ እሷ «ገመድ አለ» አለች። ገመድ ያለችው የነብር ጭራ ነበር። ከበላዩ ሹካ በሠራው ግንድ ላይ የኢምፓላ እግር ተሰክቶ ይታያል። ነብር ግዳዩን ዛፍ ላይ የሚያወጣው ጅብና አንበሳ እንዳይነጥቁት ነው። ደረቱን ቅርንጫፉ ላይ ጥሎ፣ አራት እግሩን ወደ ታች ለቅቆ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየን ብዙ ቆየን። አንዴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየንና መልሶ ጨፈነው።

ጅብንም ቸል አትበሉ። እኛ ጅብን የምናውቀው በሌሊት ጩኸቱ ነው። ክሩገር ውስጥ ጅቦች ከመንገድ ሥር ባሉ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦዎች ውስጥ ይወልዳሉ። ማለዳ ላይ ቡችሎቹ ወጥተው ይጫወታሉ። ቀስ ብላችሁ ከቆማችሁ መጥተው ጎማችሁን ያሸታሉ፤ ደፋሩ ይነክሰዋል። እናትየው ጎን ላይ ተጋድማ ታያችኋለች። ሕፃናቱ ጅብ መፍራታቸውን የተዉት እዚያ ነው።

ዝሆን ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ከሁሉም እንስሳ መኪና ሊገለብጥ የሚችለው እሱ ነው። አንድ ቀን ከፊታችን አንዲት ትልቅ እንስት ከቁጥቋጦው ወጥታ አስፋልቱ መሃል ቆመች። ጆሮዋን ዘርግታ አየችን። ከሩቅ ቆምን፣ ሞተር አላጠፋንም፣ ወደ ኋላ ለመሄድ ተዘጋጀን። ከኋላዋ ቤተሰቡ መሻገር ጀመረ። አንዱ ግልገል ኩምቢውን መቆጣጠር ገና አልቻለም፤ ይወዘውዘዋል፣ ይረግጠዋል፣ ተደናቅፎ ይነሳል። ዝቅ ያለ፣ ከምድር ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማን ነበር። ዝሆኖች የሚነጋገሩት በዚያ ድምፅ ነው። እሷ ከመንገዱ የወረደችው የመጨረሻው ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም በእናትና በልጅ መሃል አትግቡ፣ አትቸኩሉ፣ ጥሩንባ አትንፉ። ከዓይኑና ከጆሮው መሃል ጠቆር ያለ ፈሳሽ የሚወርድበት ብቻውን የሚሄድ ወንድ ካያችሁ ደግሞ በጣም ራቁ። ያን ጊዜ ቁጡ ነው።

ከመኪና መውረድ የተፈቀደው በካምፖች፣ በሽርሽር ቦታዎችና ምልክት ባላቸው አንዳንድ ድልድዮች ላይ ብቻ ነው። በመስኮት ወጥቶ ፎቶ መነሳትም አይፈቀድም። ሰው «ምንም የለም እኮ» ይላል። አንበሳ ደረቅ ሣር ውስጥ ሲተኛ ከሁለት ሜትር ላይም አይታይም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ አውራሪስ ሳልናገር አላልፍም። በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጀመሪያ ክሩገር ውስጥ ከ10,000 በላይ ነጭ አውራሪስ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ከ3,000 በታች ወርዷል። ድርቅ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ሕገ ወጥ አዳኝ ሰዎች ናቸው። ቀንዱ ከእኛ ጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሆኖም እስያ ውስጥ በውድ ይሸጣል። ዛሬ የምታዩት አውራሪስ ቀንዱ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። አዳኝ እንዳይመኘው የፓርኩ ሰዎች ራሳቸው አደንዝዘው ይቆርጡታል። ሳየው ያንገበግበኛል። እባካችሁ አውራሪስ ካያችሁ ቦታውን ለማንም አትንገሩ፣ ፎቶውን ከነቦታው በስልክ አታጋሩ። በብዙ ካምፖች መቀበያ ጋ እንስሳት የታዩበት ቦታ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ፤ የአውራሪስን ቦታ ግን አይለጥፉም።

ቅድም «የፈረንጅ ነገር» የሚለውን አንስቼ ነበር። መነሻ አለው። ቦታው በፈረንጆቹ 1898 ተከልሎ በ1926 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ተፈናቅለዋል። ሰሜን ጫፍ ላይ የማኩሌኬ ሕዝብ በ1969 በግድ ከመሬቱ ተነሳ። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ጎብኝ እንደ ነጩ በየካምፑ ማደር አይችልም ነበር። ማኩሌኬዎች በ1998 መሬታቸው ተመለሰላቸው። ያደረጉት ነገር ይገርማል፤ ለዱር እንስሳት እንዳለ ትተውት ከጎብኝ ገቢ ያገኙበታል። ዛሬ በበዓል ቀን ስኩኩዛ ብትሄዱ ከጥቁሮቹ ሰፈር ከሶዌቶ የመጣ ቤተሰብ ሥጋ ሲጠብስ ታያላችሁ። እኛም የማንሄድበት ምክንያት የለም።

ስለ ምግብ። የካምፖቹ ጎጆ ከእኛው ጎጆ ጋር ይመሳሰላል፤ ክብ ነው፣ ጣሪያው ሣር ነው። ብዙዎቹ ማቀዝቀዣና ምድጃ በረንዳው ላይ አላቸው፤ ድስትና ሳህን መኖሩን ቦታ ስትይዙ አረጋግጡ። እንጀራ ከጄፒ ይዘን እንሄዳለን፣ በበረዶ ሳጥን ከታሸገ ጥቂት ቀን ይቆያል። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ስለሚገባ ለጾመኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የካምፑ ሬስቶራንት ሥጋ በሥጋ ነው። የማቀዝቀዣውን በር መቀርቀር አትርሱ። ዝንጀሮና ጦጣ በደንብ ያውቁታል። እንጀራ ይበላሉ፣ ዳቦ ይበላሉ፣ ስኳር ከነጣሳው ይዘው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። አትመግቧቸው፤ ሰው የለመደ ዝንጀሮ ኋላ አስቸጋሪ ስለሚሆን ይገደላል። ጥሬ ሥጋ ካላችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት፤ በከብት በሽታ ምክንያት በሩ ላይ ይፈተሻል።

ቢያንስ አንድ ጊዜ የፓርኩን የምሽት ጉዞ ያዙ። ካምፑ ውስጥ ይመዘገባል፣ ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አይፈቀድም። በር ከተዘጋ በኋላ መውጣት የሚችሉት የፓርኩ መኪኖች ብቻ ናቸው። መሪው የአካባቢው ሰው ስለሆነ ጠይቁት፤ በመብራቱ የምታዩት የዓይን ብልጭታ የማን እንደሆነ በቀለሙና በከፍታው ይለያል።

ልጆቻችሁ በጣም ትንንሽ ከሆኑ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ክሩገርን አቆዩት። ወባ የሌለበት ፒላንስበርግ አለ፤ ከጆሃንስበርግ ሦስት ሰዓት አይሞላም። የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ክብ ተራራ መሃል ነው ያለው፣ ከክሩገርም በብዙ እጥፍ ያንሳል። ዝሆን፣ አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽ፣ ነብር አለው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ግን በር ሲከፈት ለመድረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነሳት ያስፈልጋል። ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው መኪና ውስጥ አስገቧቸው፣ ቁርሱን እዚያው ትበላላችሁ።